ሕግ ያወቀ ባላገር ለነጋዴ ዋስ ነው

በቀድሞው ዘመን አንድ ሰው በደል ሲደርስበት ወይም በሌላው ላይ ሲደርስ አይቶ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ፣ በዳዩ እጁን ይሰበስብ፣ መንገደኛውም ቆሞ ነገሩን ይሰማ እንደ ነበር ሽማግሎች ይናገራሉ። ይህን ቃል ለመናገር ሹመት አያስፈልግም ነበር፤ ወንድም ይሁን ሴት፣ የአገር ሰውም ይሁን እንግዳ ይናገረዋል። የተነካው ንብረት የራሱ መሆኑን እንዲያስረዳ የሚጠይቀውም አልነበረም። የቃሉ ኀይል የመጣው ተናጋሪውም ሰሚውም ሕግ መኖሩን ከማወቃቸው ነው። ሕጉን ሁለቱም ባያውቁት ኖሮ ጩኸቱ ጩኸት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ይህ ልማድ በነበረበት አገር፣ ስለ ደንና ስለ ወንዝ ጥበቃ የወጡት የዛሬ ሕጎች ለሕዝቡ እንግዳ መሆን አይገባቸውም ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300 በ11ኛው አንቀጹ እንደሚደነግገው፣ ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም የተነካበት መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታውን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ባይሰጥ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ቅር ቢሰኝ፣ በ60 ቀን ውስጥ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ለመውሰድ መብት አለው። ይህ ድንጋጌ የጥንቱ «በሕግ አምላክ» ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ልዩነቱ በጽሑፍ መቅረቡና ቀን የሚቈጠርለት መሆኑ ነው። ነገር ግን ቀኑን የማያውቅ ሰው ቀኑ ያልፍበታል፤ አንቀጹን ያልሰማም ሰው መብቱን እንደሌለ ይቈጥረዋል።

ነገሩን በአንድ አገር ለማየት ቡኢን መመልከት ይበቃል። ቡኢ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የሶዶ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ በዓለም ገና አድርጎ፣ በትክል ድንጋዮቿ በታወቀችው በጢያ በኩል ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የጉራጌ ተራሮች ለአገሩ ሁሉ የውኃ ጋን ናቸው። ከተራሮቹ ምዕራባዊ ገጽ የሚወርደው ውኃ በዋቤ በኩል ወደ ጊቤ ሲሄድ፣ ከምሥራቃዊው ገጽ የሚወርደው መቂን ሆኖ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። እንግዲህ በተራራው ላይ የሚቈረጠው ዛፍ የሚጎዳው የተራራውን ገበሬ ብቻ አይደለም፤ በዝዋይ ዳር በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማውም፣ ዓሣ የሚያሰግረውም የዚያው ውኃ ተካፋይ ነው።

የነጋዴውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በዚያ አገር ጤፉና እንሰቱ፣ የማረቆ በርበሬና የባሕር ዛፉ አጠና ወደ ገበያ ይወጣሉ፤ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና ቆርቆሮ ደግሞ ወደ ገጠር ይገባሉ። ገበሬው ምርቱን ሽጦ ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ባለሱቁ በዱቤ ይሰጠዋል። ምንጩ የደረቀ፣ ማሳው በጎርፍ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን የዱቤው መዝገብ ሳይዘጋ ይከርማል። የወንዝ መድረቅና የተራራ መራቆት በነጋዴው መዝገብ ላይ በስሙ ተጽፎ አይገኝም፤ ባለሱቁ «ያልተከፈለ ዱቤ» ብሎ፣ አስመጪው «ያልተሸጠ ዕቃ» ብሎ፣ ላኪውም «የጥራት ጉድለት» ብሎ ይመዘግበዋል። ስሙ ልዩ ልዩ ቢሆንም ኪሳራው አንድ ነው።

ሕግ ሕዝብ ሳያውቀው ምን ያህል ርቆ ሊራመድ እንደሚችል ለመመዘን፣ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ሁለት ሥራዎችን ማስተያየት ይጠቅማል። በ1957 ዓ.ም. ቁጥር 225፣ 226 እና 227 የሆኑ ሦስት የደን ዐዋጆች ወጡ። ስለ መንግሥት ደን፣ ስለ ግል ደን፣ እንደዚሁም ለጥበቃ ስለሚከለል ደን የሚናገሩ፣ ሐሳባቸውም ደግ የሆነ ዐዋጆች ነበሩ። በነጋሪት ጋዜጣ ታተሙ፤ ደኑ ግን ከዚያ በኋላም መመንጠሩ አልቀረም። በዛፉ ሥር የሚኖረው ሰው ዐዋጁን አላነበበውም፤ ያነበበለትም አልነበረም።

በዚያው በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ የሶዶ ክስታኔ ሕዝብ፣ በአገሩ የሚኖረውም በአዲስ አበባ በንግድ የተሠማራውም፣ ማኅበር አቋቁሞና ገንዘብ አዋጥቶ፣ ከመንግሥት እርዳታ ጋራ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ተነሣ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን ያዋጣው ሰው ሁሉ መንገዱ ለምን እንደሚሠራና ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበርና ሥራው አልተቋረጠም። ዛሬም በቡኢ በኩል የጭነት መኪና ሲያልፍ የሚታየው የዚያ መዋጮ ፍሬ ነው። ከሁለቱ ሥራዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ የራሱ አድርጎ የያዘው ነገር ይጸናል፤ ከላይ ብቻ የወረደለት ግን በወረቀት ላይ ይቀራል።

ሕግን የራስ አድርጎ መያዝ ለጉራጌ አገር አዲስ ነገር እንዳልሆነም ሊታወስ ይገባል። በጉራጌ መንደሮች መካከል የሚያልፈው ሰፊው የሣር መንገድ ጀፎረ ይባላል። በጀፎረ ላይ ከብት ይውላል፤ ሰርግም ለቅሶም ይደረግበታል፤ ሽማግሎች ይቀመጡበታል። ወሰኑን ገፍቶ ማረስም ሆነ አጥር ማጠር በባህሉ ሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ መሬት በጠበበበት አገር እንኳ ጀፎረው ለረዥም ዘመን ተጠብቆ ኖሯል። የክስታኔም ሕዝብ ጎርደና በሚባለው ሸንጎ የሚመራ የራሱ የሴራ ሥርዐት አለው። በዚህ ሥርዐት ያደገ ሰው ዳኝነት፣ ምስክርና ካሣ ምን እንደ ሆኑ የሚነግረው አያሻም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ በአዲስ አበባ የታተመው ዐዋጅ ለአካባቢው ደንና ወንዝ ምን መሣሪያ እንደ ሰጠው ማወቅ ነው።

መሣሪያውም ጥቂት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሰው ሁሉ ሰጥቷል፤ በ92ኛው አንቀጽ ደግሞ ሕዝብን በቀጥታ በሚነኩ የአካባቢ ፖሊሲዎችና ሥራዎች ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው አረጋግጧል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ጽሑፍ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና በተለይ ጉዳዩ የሚነካቸው ነዋሪዎች አስተያየት እንዲሰጡበት ያዛል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብ ደንና የማኅበር ደን መኖሩን ዐውቆ ተቀብሏል። ይህ ሁሉ ተጽፏል፤ ያልተጻፈው፣ አንድ የሶዶ ገበሬ ይህን ሁሉ ከማን አፍና በምን ቋንቋ እንደሚሰማው ነው።

በዚህ ላይ አንዳንድ የንግድ ሰዎች የሚያነሡት ክርክር አለ፤ ክርክሩም ሳይሰሙ የሚያልፉት አይደለም። «ባላገሩ ሕግ የተማረ እንደ ሆነ በየምክንያቱ ይከሳል፤ ፋብሪካ ሊተክል፣ ድንጋይ ሊፈልጥ፣ ከወንዝ አሸዋ ሊያስጭን የመጣውን ሁሉ ያቆመዋል፤ ንግድም ይቀዘቅዛል» ይላሉ። ገንዘቡን በሥራ ላይ ያዋለ ሰው እንዲህ ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሕግን የማያውቅ ሕዝብ ዝም ብሎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ቅሬታው በጊዜው መውጫ ሲያጣ ይጠራቀምና በአንድ ቀን ይፈነዳል። በጉጂ የሚገኘው የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃዱ ከታደሰለት በኋላ፣ የአካባቢው ሕዝብ በጤናው ላይ ደረሰብኝ ባለው ጉዳት ምክንያት ባነሣው ተቃውሞ በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታገደ፤ ሥራውም ከሁለት ዓመት በላይ ቆመ። ለአንድ ድርጅት በ30 ቀን ውስጥ መልስ የሚሰጥበት የጽሑፍ አቤቱታ ይሻለዋል ወይስ ለዓመታት የሚዘጋ በር? የሒሳብ ሰው መልሱን አያጣውም።

ከዚህም በላይ የተፅዕኖ ግምገማው ዐዋጅ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት፣ ግምገማ ለሚያስፈልገው ሥራ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ መስማማቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ግምገማውን በእውነት ያስጠናና ነዋሪውን በእውነት ያማከረ ነጋዴ፣ በኋላ ለሚነሣ ክርክር አስቀድሞ ማስረጃ ይዟል። በይስሙላ ያለፈው ግን ሕንፃውን በሰው መሬት ላይ እንደ ሠራ ሰው ሁልጊዜ ሥጋት አይለየውም። ስለዚህ ሕግ ያወቀ ባላገር በሕግ ለሚሠራው ነጋዴ ዋስ ነው፤ ሕጉን ከሚዘለው ተወዳዳሪም ይጠብቀዋል። የቆሻሻ ውኃውን ለማጣራት ገንዘብ ያወጣ ድርጅት፣ ሳያጣራ ወደ ወንዝ ከሚለቀው ጋራ በአንድ ገበያ መወዳደሩ እስከ መቼ ሊዘልቅ ይችላል?

የሕጉ መኖር ብቻ እንደማይበቃ የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ይመሰክራሉ። ሁለቱም ወንዞች በፋብሪካ ፍሳሽ መበከላቸው የታወቀ ነው። አፓፕ በሚል ስም የሚታወቀው የባለሞያዎች ማኅበር ስለ እነዚህ ወንዞች የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በፌዴራል ፍርድ ቤት ቢከስም ክሱ ሳይሳካለት ቀርቷል። ጥቂት የሕግ ሰዎች ከዋና ከተማ ሆነው የሚያደርጉት ትግል ምስጋና የሚገባው ነው። ሆኖም ወንዙ መቼ እንደ ጠቈረ፣ ከብቱ መቼ እንደ ሞተ፣ ፍሳሹ በየትኛው ሌሊት እንደ ተለቀቀ የሚያውቀው በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ነው፤ ማስረጃው በእርሱ እጅ ሳለ ሥርዐቱን ካላወቀ ማስረጃው ከእርሱ ጋራ ይቀራል።

ከጎረቤት አገርም የሚጠቀስ አለ። በኬንያ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶን ንቅናቄ መሥርተው የገጠር ሴቶችን ዛፍ ተከላ ብቻ ሳይሆን መብታቸውንም ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በናይሮቢ በሚገኘው በኡሁሩ መናፈሻ ላይ ረዥም ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄዱ፣ ለመክሰስ የሚያበቃ መብት የለዎትም ተብለው ተመለሱ። ሕንፃው በኋላ የቀረው በሕዝብ ተቃውሞና ገንዘብ ሊሰጡ የነበሩት ሰዎች በመሸሻቸው ነው። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል። በናይሮቢ በዚያ ጊዜ የተነፈጋቸው መብት፣ በኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለማንኛውም ሰው በሕግ ተሰጥቷል። በእጅ ያለን ነገር አለማወቅ ከማጣት የተለየ አይደለም።

ሕግ ያወቀ ሕዝብ ከመክሰስ ያለፈ ሥራም ይሠራል። ከቡኢ በዚያው መንገድ እስከ መጨረሻው ቢሄዱ ወላይታ ይደረሳል። በዚያ በሁምቦ ወረዳ ተራቁቶ የነበረው ተራራ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ሆኖ 2,728 ሄክታር መሬት እንደገና ደን ለብሷል። ዛፉ በአብዛኛው በአዲስ ችግኝ የመጣ አይደለም፤ ከመሬት በታች የቀረው ሥር ከከብትና ከምሳር ተጠብቆ እንዲያቈጠቍጥ በማድረግ የተገኘ ነው። ማኅበራቱ በሕግ ተቋቁመው በመሬቱ የመጠቀም መብታቸው ስለ ተረጋገጠላቸው፣ ሥራው በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የካርቦን ንግድ መዝገብ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም 165,000 ቶን ያህል ለመግዛት ተዋዋለ። የመብት ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ገዢው ከማን ጋራ ይዋዋል ነበር? በሰሜን ሸዋም የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ምድር ቄሮ በሚባል ሥርዐት ለብዙ ዘመን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ ራሱ ይወስናል፤ በኋላም የክልሉ መንግሥት ለዚህ ጥበቃ በሕግ ዕውቅና ሰጥቶታል።

ላኪዎች ደግሞ ይህን ጉዳይ ከማንም ይልቅ ሊያስቡበት የሚገባ አዲስ ምክንያት ተጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ቡናና እንጨትን ጨምሮ አንዳንድ ሸቀጦች እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጡ እንደ ሆነ ወደ ገበያው እንዳይገቡ ወስኗል። ሸቀጡ በተመረተበት አገር ሕግ መሠረት የተመረተ መሆኑም ይጠየቃል። የደንቡ መጀመሪያ ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ሐሳቡ አልተለወጠም። የደኑን ወሰን የሚያውቅ፣ የማኅበረሰብ ደኑን ያስመዘገበና መዝገብ የያዘ ቀበሌ ለላኪው ከብዙ የምስክር ወረቀት የሚበልጥ ዋስትና ይሆነዋል። አስመጪውና ባለሱቁም ቢሆኑ ነገሩ ይነካቸዋል፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ ዐዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ዐዋጅ ክልከላውን አጥብቆታል። ከሱቅ የወጣው ፌስታል ቦይ ይዘጋል፤ በክረምትም ውኃውን ወደዚያው ሱቅ ይመልሰዋል።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሥልጠና ምን ዓይነት ይሁን? በአዳራሽ ተሰብስቦ ንግግር ሰምቶና አበል ተቀብሎ መበተን ሥልጠና ሊባል አይገባውም። በመጀመሪያ ትምህርቱ በአማርኛና በክስታንኛ፣ ሰው በሚሰበሰብበት በእድርና በገበያ ቀን ሊሰጥ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ከየቀበሌው ከሚመረጡት ሰዎች መካከል ሴቶች መኖር አለባቸው፤ ውኃ የምትቀዳ ሴት የምንጩን መቀነስ ከማንም ቀድማ ታውቃለችና። ሦስተኛ፣ ተማሪው አቤቱታ በእጁ ጽፎ፣ ቀንና ቦታ መዝግቦ፣ ምስክር ቈጥሮ፣ 30ውንና 60ውን ቀን አስልቶ ማቅረብን እንዲለማመድ ያስፈልጋል። ባላገሩ ሙግትን ከጥንት ያውቀዋልና፣ በተጠየቅ ሥርዐት አንዱ ከሳሽ አንዱ ተከሳሽ ሆኖ ቢለማመድ ሕጉ በልቡ ይቀራል። አራተኛ፣ የጎርደናው ሽማግሎች ከመጀመሪያው ሊጠሩ ይገባል፤ በእነርሱ ፊት የተነገረ ሕግ ከደንነት ወደ ሴራነት ይለወጣልና።

አስተማሪ አይታጣም። የወረዳው የፍትሕና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች አሉ፤ የሕግ ትምህርት የሚሰጠው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም በዚያው በጉራጌ አገር ነው። ገንዘቡን በተመለከተ፣ መንገድ ለማሠራት ያዋጡ አባቶች ልጆች ለጥቂት መጽሐፍ ማሳተሚያና ለአስተማሪ መጓጓዣ የሚሆን መዋጮ ሊከብዳቸው አይችልም። በእቁብ የሰለጠነ ነጋዴ ጥቂት ጥቂት እየተዋጣ ትልቅ ነገር እንደሚሠራ ያውቃል። መዋጮው ግን ያለ አንድ ቃል ኪዳን ዋጋ አይኖረውም፤ ይኸውም የተማረው ሕዝብ አንድ ቀን በአዋጪው በራሱ ላይ አቤቱታ ቢያቀርብ፣ አዋጪው እንደ ውለታ ቢስ ሳይሆን እንደ ሕግ አክባሪ ሊያየው መፍቀድ አለበት። ያለ ፈቃድ የተቈረጠ ዛፍ የጫነ መኪና የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሕዝብ የሚፈለግ ከሆነ፣ መኪናው የወዳጅ በሆነ ጊዜም መጠየቁ አይቀርም።

በሕግ ከሄደችው በቅሎዬ ይልቅ ያለ ሕግ የሄደችው ጭብጦዬ ትቈጨኛለች የሚለው የአገር ተረት ለነጋዴም ለባላገርም የተነገረ ነው። በቡኢ ዙሪያ ያለው ሰው በሕግ ቢረታ እንኳ ተረትቶ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ምንጩ ማንም ሳይጠየቅበት ሲደርቅ ያየ ሰው ግን ቂሙን ለልጁ ያወርሳል። የንግድ ሰዎች ለዚህ ሥልጠና መዋጮ የሚያዋጡበት ጊዜ ምንጩ ውኃ እያፈለቀ ሳለ ነው።